ቢሮው አደገ፣ እኛስ? ልቆይ ወይስ ባንክ ልግባ (ድሬዳዋ፣ ኦዲትና ግብር)

የለገሀሬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ውስጥ አንድ የኦዲትና የግብር ማማከር ቢሮ ነው የምሠራው። ስሙን አልጠራም፣ ሰው ማማትም አልፈልግም። ምክር ነው የፈለግኩት፤ በተለይ በዚህ ሥራ ካለፋችሁ ሰዎች።

ስገባ ቢሮው አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ እያንዳንዱን ፋይል ራሳቸው ያዩታል። በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ዳር ላይ “ድጋፉ የት አለ?” ብለው ይጽፋሉ። ሄደህ ቫውቸሩን ታወጣለህ፣ ደረሰኙን ታያይዛለህ፣ ይዘህላቸው ትገባለህ። እንደገና ሌላ ነገር ይጠይቁሃል። ያደክም ነበር። ግን ዩኒቨርሲቲ በቃሌ የያዝኩት ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ፎቅ ይዘናል። የድሬን ነገር ታውቃላችሁ። ባቡሩ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ መልካ ጀብዱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ነጻ የንግድ ቀጠናው ደግሞ ነሐሴ 2014 ተከፈተ። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣው ትራንዚተሩም፣ አስመጪውም፣ ኮንትራክተሩም ሂሳቡን የሚያይለት ይፈልጋል። በዚያ ላይ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ 847/2006፣ ከወጣ ወዲህ ድሮ ከፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ትራያል ባላንስ አትሞ የሚገላገለው ድርጅት “በአይኤፍአርኤስ አምጣ”፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ፣ ይባላል። ሥራ ሞልቷል። አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ አላማርርም።

ሥራውንም እወደዋለሁ። አንድ ሳምንት የፋብሪካ ፔሮል ታያለህ፣ በሚቀጥለው የቡና ላኪ ውል፣ ከዚያ የአንድ ትራንዚተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ክምር። የሰውን ንግድ ከውስጥ ታውቀዋለህ። ይሄን ሌላ የት አገኛለሁ?

የከበደኝን ደግሞ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ባለፈው ሰኔ 30 አንድ መጋዘን ቆጠራ ላይ ነበርን። ጠዋት 1 ሰዓት ገባን፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እሳት ነው። ከረጢቱ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርዱን (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርዱን) ይዞ “ይኸው፣ በርዝመት ይሄን ያህል፣ በወርድ ይሄን ያህል፣ አባዙት” ይላል። አብራኝ አንዲት ጁኒየር ነበረች። “መሰላል አስመጪና ላይ ውጪ” አልኳት። ወጣች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና “መሃሉ ባዶ ነው” አለችኝ። ከፊት ሲታይ ሙሉ ክምር፣ ከላይ ሲታይ ጉድጓድ።

እኔን “ላይ ሳትወጣ አትፈርም” ያሉኝ ባለቤቱ ናቸው። ያቺን ልጅ ግን ከተቀጠረች ጀምሮ አንድ ፋይል አብረዋት አላዩም። ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ነው የምታያቸው። ጊዜ የላቸውም። የእሷን ሥራ የማየው እኔ ነኝ፤ የእኔን የሚያይ የለም። ፋይሉ እኔ ጋ ያልፋል፣ ከዚያ በቀጥታ ለፊርማ ይገባል።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ደግሞ ማታ ሦስት አራት ሰዓት ድረስ ቢሮ ነን። ትርፍ ሰዓት የሚባል ክፍያ የለም። “ቡድን መሪ” የሚል ስም ተሰጥቶኛል፤ ደመወዙ ግን ከስሙ ጋር አላደገም። አሁን አንድ ባንክ ጠርቶኛል። ደመወዙ ይሻላል። ምን ትላላችሁ?

ባንክ ቤት ነኝ፦

ወንድሜ፣ እኔም አንተ የቆምክበት ቦታ ቆሜ ነበር። ባንኩን መረጥኩ። ስለ ባንኩ የማውቀውን ልንገርህ። ደመወዝ ቀኗን ጠብቃ ትገባለች። የሠራተኛ ብድር አለ፤ ወለዱ ውጭ ካለው በጣም ያነሰ ነው። ቤት ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዓል ሲደርስ ደንበኛ ደውሎ “ግብር ቢሮ ጠርተውኛል፣ ቶሎ ና” አይልህም።

ሥራው ግን ያው ነው። ማስታረቅ ላይ ከተመደብክ ማስታረቅ ነው። እኔ ከገባሁ ጀምሮ መጋዘን ረግጬ አላውቅም። አሁን ወደ ኦዲት ልመለስ ብል አንተ ቢሮ ያሉት ጁኒየሮች ይቀድሙኛል። ቤተሰብ የምትረዳ ከሆነ ባንክ አይናቅም። ራስህ የምትፈርም ባለሙያ መሆን ካሰብክ ግን ደመወዙን ብቻ አይተህ አትወስን።

ቀጥታ፦

አቦ ውጣ! ምን ያስጨንቅሃል? ቢሮው ያደገው በእናንተ ምሽት ነው። ሁለተኛው ፎቅ የተከራየው ባልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ነው። “እንደ ቤተሰብ ነን” የሚባለው ሥራ ሲበዛ ነው፤ ገንዘብ ሲመጣ ቤተሰብነቱ የት ይገባል? እኔ ሦስት እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ውስጥ ጓደኞች አሉኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚነግሩኝ። ወጣትነትህን ለሰው ስም አትጨርስ።

የሠራተኛ ጉዳይ፦

ክርክሩን ለእናንተ ልተውና ሕጉን ልናገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

አዋጅ 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

“ቡድን መሪ ነህ፣ አንተን ሕጉ አይመለከትህም” የሚሉ አሉ። አዋጁ የማይመለከተው የሥራ መሪን ነው። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት፣ የመሳሰለ ሥልጣን ያለው ነው። “ቡድን መሪ” የሚል ስም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግህም። አንተ እንዲህ ያለ ሥልጣን አለህ? ከሌለህ ሠራተኛ ነህ።

የዓመት ፈቃድህንም አስላ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በግብር ወቅት አልወጣም ማለት ይጠፋል ማለት አይደለም።

የሳቢያኗ፦

እኔ በእንዲህ ዓይነት ቢሮ ጁኒየር ነኝ። አንተ የጻፍከውን ሳነብ ያቺ መሰላል ላይ የወጣችው ልጅ እኔ የሆንኩ መሰለኝ። አይደለሁም ግን።

ከእኛ ወገን ያለውን ልናገር። ስንቀጠር “እያየሽ ትማሪያለሽ” ይሉናል። ማንን አይቼ? ሲኒየሩ ሦስት ደንበኛ ላይ ነው። እኔ ያለፈውን ዓመት ፋይል እከፍትና ቁጥሩን እቀይራለሁ። ያለፈው ዓመት ሰውዬ ለምን እንደዚያ እንደሠራው አላውቅም። ብጠይቅ ሥራ የማስተጓጉል ይመስለኛል፣ ዝም እላለሁ። ስንት ነገር እንደዚያ እንዳለፈ አላህ ይወቅ።

ሌላው የመስክ ሥራ ነው። ጂጂጋ ወይም ጭሮ ስንላክ አበሉ ደስ ይላል፤ እናቴ ግን ከማን ጋር እንደምሄድ፣ የት እንደማድር ሳታውቅ አትለቀኝም። ትክክል ናት። የእኛ ቢሮ አልጋ የሚያዘው ከደረስን በኋላ ነው። ለሴት ልጅ ይሄ ከባድ ነው። እዚሁ ድሬ መጋላም ቢሆን ከሰባት ሰዓት በኋላ ሰነድ ፈልጎ መሄድ አይቻልም። ደንበኛው በርጫ ላይ ነው፤ “እዚሁ ግቢና አሳይሻለሁ” ይልሻል። እኔ አልገባም። ስለዚህ ሰነዱ ለነገ ያድራል፣ ማታ የምንሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ሶማሊኛ እችላለሁ። አንድ ነጋዴ ለሲኒየሩ “ሁሉም በመዝገቡ አለ” ብሎ ዘግቶት ነበር። እኔ በቋንቋው ሳዋራው ሌላ ደብተር አወጣልኝ። የዱቤው ሂሳብ ሁሉ እዚያ ነበር። ሰውየው ሊደብቅ አልፈለገም፤ የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው። የዚያን ቀን ሥራዬን ወደድኩት።

የለገሀሬ ልጅ፦

@የሳቢያኗ፣ እህቴ ስለ አልጋው ያልሽው አሳስቦኛል። እኛም ቢሮ እንደዚያው ነው፤ ሴቶቹ ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

@ቀጥታ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

የሐረሩ ሂሳብ አዋቂ፦

ልጆች፣ ሐረር ላይ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። ፈረስ መጋላ አጠገብ። የተባለውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ባለቤት ስለሆንኩ ለባለቤቶች ልከራከር አልመጣሁም፤ ግን ከዚህ ወንበር የሚታየውን ማንም ስላልጻፈው ልጻፈው።

ቢሮ ሲያድግ መጀመሪያ የሚያድገው የደንበኛ ቁጥር ነው። ገንዘቡ አይደለም። ደንበኛ ዋጋ የሚጠይቀው በጨረታ ነው፤ ዝቅ ያለው ያሸንፋል። ዝቅ ብለህ ታሸንፋለህ፣ ከዚያ በዚያች ዋጋ ሥራውን በደንብ መሥራት አለብህ። ክፍያው ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዱ በወሩ፣ አንዳንዱ በዓመቱ። ደመወዝ ግን በወሩ መጨረሻ ነው። የቤት ኪራይም እንደዚያው።

ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 አራት ወር ነው። ለደረጃ ሀ ግብር ከፋይ በቂ ጊዜ ነበር። ሐምሌ ላይ ስትደውልለት “ገና ነው” ይልሃል። ነሐሴ ላይ “ከበዓል በኋላ” ይላል። መስከረም ያልፋል። ጥቅምት 20 ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። መልሰው እንዳትለው ጎረቤትህ ነው፣ ወይም የለቅሶ ሰውህ ነው። ሐረርም ድሬም እንዲህ ነው፤ ደንበኛና ዘመድ አይለይም። ትቀበለዋለህ። ያንን ከረጢት ማታ የሚፈታው ደግሞ ጁኒየሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የለገሀሬ ልጅ፣ አንተ ያነሳኸው ትርፍ ሰዓት ትክክል ነው፣ መከፈል አለበት። ግን የጻፍከውን ደግሜ ሳነበው የከበደህ እሱ አይመስለኝም። ሥራህን የሚያይልህ ሰው መጥፋቱ ነው የከበደህ። ቢሮ የሚሞተውም በዚያ ነው። ጁኒየር በየዓመቱ ዲግሪ ይዞ ይመጣል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያስመርቃሉ። ደንበኛም ይመጣል። የማይመጣው በመሃል ያለው ሰው ነው፤ መሰላል አስመጪ የሚለው። እሱን ለማብሰል ዓመታት ይፈጃል። ልክ ሲበስል ባንክ ይወስደዋል፣ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ የእርዳታ ድርጅት ይቀጥረዋል። ከዚያ ባለቤቱ ፋይሉን ሳያይ ይፈርማል። ፊርማው የእሱ ነው፣ ፈቃዱ የእሱ ነው፣ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያቺ ጁኒየር መሰላል ላይ ባትወጣ ኖሮ ያ ጉድጓድ ያለበት ክምር “ትክክል ነው” ተብሎ ይፈረምበት ነበር።

ስለዚህ አለቃህ አንተን ሲያጡ ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ ወይ? ምናልባት ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስለሚሮጡ አላሰቡትም። ሄደህ ንገራቸው። “ደመወዝ ጨምሩልኝ” ብቻ ብለህ አትግባ። “በሳምንት አንድ ከሰዓት በሩን ዘግተን ፋይል እንይ” በላቸው። እኔ ከሁለት ሲኒየሮቼ ጋር ዓርብ ከሰዓት እንዲህ አደርጋለሁ። ስልክ አላነሳም። ደንበኛ ይቆጣል፣ ይቆጣ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሥራ አልቀበልም። ቢሮዬ ትንሽ የሆነችውም በዚህ ነው፤ አልጸጸትም።

ፋብሪካ ፋይናንስ፦

እኔ ከደንበኛ ወገን ነኝ። ጋሼ ያሉትን ላጠናክር።

በየዓመቱ ኦዲተር ሲመጣብን አዲስ ፊት ነው። በየዓመቱ ጥሬ ዕቃው እንዴት እንደሚገባ፣ ብክነቱ የት እንደሚመዘገብ፣ በጂቡቲ መስመር ላይ ያለው ዕቃ መቼ የእኛ እንደሚሆን ከሀ ጀምረን እናስረዳለን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ሲገባቸው ሥራው ያልቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሉም። አንድ ዓመት ያው ሲኒየር ተመልሶ መጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን “አምና የጠየቅኳችሁ የመለዋወጫ ዝርዝር የት ደረሰ?” አለን። እውነት ለመናገር ደነገጥን። ያንን ዝርዝር ያን ሳምንት አስተካከልነው።

ዋጋ ለመጨመር የምንስማማው ለእንዲህ ዓይነት ቢሮ ነው። ይሄን ለአለቃህ ንገራቸው፤ ከደንበኛ አፍ የተሰማ ነው በላቸው።

ቀጥታ፦

ጋሼ፣ ከልብ አከብርዎታለሁ። ሁሉም ባለቤት እንደ እርስዎ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ፋይል አብሮ ማየት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ልጁ ዛሬ ነው የሚበላው። መማርም መከፈልም አብረው መሄድ አለባቸው። አንዱን በአንዱ መለወጥ የለበትም።

የሐረሩ ሂሳብ አዋቂ፦

ልክ ነህ ልጄ። አብረው ነው መሄድ ያለባቸው። እኔም የትርፍ ሰዓቱን ለደንበኛው በዋጋ ውስጥ አስገብቼ ነው የምከፍለው። ሰነዱን እስከ መስከረም መጨረሻ ያመጣ አንድ ዋጋ፣ ጥቅምት ላይ ያመጣ ሌላ ዋጋ። ውሉ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ ተጉረመረሙ። አሁን ነሐሴ ላይ የሚያመጡ አሉ።

ባንክ ቤት ነኝ፦

ስለ ኤሲሲኤ (የእንግሊዙ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ) ማንም አላነሳም። የለገሀሬ ልጅ፣ ጀምረሃል? ፈተናው 13 ነው፤ በዲግሪህ የሚቀነስልህ ይኖራል። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለብቻ መቻል ከባድ ሆኗል። ከፈተናው ሌላ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እሱንም የሚያረጋግጥልህ ከላይህ ያለ ሰው ያስፈልግሃል። ባንክ ውስጥ ብዙ ጓደኞቼ ፈተናውን ጀምረው የቆሙት በክፍያው ነው። ቢሮህ የፈተና ክፍያህን ቢሸፍን ከደመወዝ ጭማሪው ሊበልጥ ይችላል። አስላው።

የለገሀሬ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ገብቼ አናገርኳቸው። ስልካቸውን ዘግተው ነው የሰሙኝ።

የመጋዘኑን ነገር በዝርዝር ነገርኳቸው። ሪፖርቱ ላይ አይተውት ነበር፤ መሰላል ላይ የወጣችው ማን እንደሆነች ግን አያውቁም ነበር። አስጠርተው አመሰገኗት። ከዚያ ስለ ፋይል ማየቱ ተነጋገርን። ረቡዕ ከሰዓት እንዲሆን ተስማምተናል፤ እኔና ሌላው ሲኒየር ከእሳቸው ጋር፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እኛ ከጁኒየሮቹ ጋር። የመስክ ሥራ ላይ አልጋ ከመሄዳችን በፊት እንዲያዝ፣ ሴቶቹም ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ አሉ። እህቴ የሳቢያኗ፣ ይሄ ያንቺ ነው።

ትርፍ ሰዓቱ ላይ ከበዳቸው። “የዘንድሮው ውል ሁሉ በድሮ ዋጋ ተፈርሟል” አሉኝ። ከነሐሴ ጀምሮ ሰዓት እንመዝግብ፣ ግማሹ በገንዘብ ግማሹ በዕረፍት ቀን ይሁን አሉ። የኤሲሲኤውን ክፍያ ቢሮው ይችላል፤ ግን ሦስት ዓመት እንድፈርም ይፈልጋሉ። የደመወዙን ጭማሪ “ከጥቅምት በኋላ” አሉኝ።

ለባንኩ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። ልቤ ወደ መቆየቱ ነው። ይሄ የሦስት ዓመቱ ነገር ግን ያስፈራኛል።

ቀጥታ፦

እሳቸው መስማታቸው ራሱ ጥሩ ነው። ይሄን አልጠበቅኩም። ግን “ከጥቅምት በኋላ” የተባለ ነገር በወረቀት ካልሆነ አትመነው።

የሠራተኛ ጉዳይ፦

ከመፈረምህ በፊት እነዚህን አስገባ።

የሦስት ዓመቱ ግዴታ ከመቼ እንደሚቆጠር ይጻፍ፦ ከተፈረመበት ቀን ነው ወይስ ፈተና ከጨረስክበት? በመሃል ብትለቅ የምትመልሰው ያገለገልክበት ጊዜ ተቀንሶ መሆን አለበት፤ ሁለት ዓመት ሠርተህ ሙሉውን መልስ እንዳትባል። ቢሮው ራሱ ካሰናበተህ ወይም ቃል የገባውን ካልከፈለ ግዴታው ይቀራል የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር። ይህ ግዴታ የሥልጠና ክፍያውን ብቻ ይመለከታል፤ በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ሥራ የመልቀቅ መብትህ እንዳለ ነው።

ትርፍ ሰዓቱን በዕረፍት ቀን መለወጥ የሚለውን ደግሞ ዝም ብለህ አትቀበል። አዋጁ የሚለው ክፍያ ነው። ሰዓቱን ግን ከነሐሴ ሳይሆን ከዛሬ ጀምረህ መዝግብ። ቀን፣ የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት፣ የሠራህለት ደንበኛ። ሳምንት ባለቀ ቁጥር አለቃህን አስፈርማቸው። ጁኒየሮቹም የራሳቸውን ይመዝግቡ።